ከአራት ነጥብ አንዷ ላይ የምትቆም ተርብ

ባለፈው እትም ስለ ነፍሳት እንቁላል ስጽፍ «እንቁላሉ ውስጥ የምታድግ፣ ከነጥብ የምታንስ ተርብ አለች» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኩ። ማለፍ ግን አልተቻለም። ደብዳቤው ጎረፈብኝ። አንዱ ታጋንናለህ ይላል፣ አንዷ ፎቶ ላክ ትላለች፣ አንዳንዱ ደግሞ የምር ጥያቄ አለው። እሺ፣ የዛሬው ዓምድ ሙሉውን የእሷ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በዓለም ላይ ትንሹ ነፍሳት የቱ እንደሆነ ስፈልግ አንዱ መጽሐፍ ትሪኮግራማቲዴ ከሚባል ቤተሰብ ነው አለኝ፣ ሌላው ሚማሪዴ አለኝ። ሁለቱም ተርብ ናቸው። ሁለቱም በዓይን አይታዩም ማለት ይቻላል። ሁለቱም የሌላ ነፍሳት እንቁላል ውስጥ ነው የሚያድጉት። ታዲያ ለምን አንድ ላይ አላደረጓቸውም? ይሄን ቤተሰብ የሚባለውንስ የሚወስነው ማን ነው? እውነቱን ልንገርህ፣ ሰዎቹ ዝም ብለው ስም እየፈጠሩ የሚያደናግሩን ነው የሚመስለኝ። (ግራ የገባት ተማሪ)

መልስ፦ ግራ ቢገባሽ አይፈረድብሽም እህቴ። መጀመሪያ መጻሕፍትሽን ላስታርቃቸው። ማንም አልዋሸም፣ አንደኛው አርጅቶ ነው። ከትሪኮግራማቲዴ ወገን መጋፍራግማ የሚባሉ ተርቦች አሉ። ከእነሱ አንዷ 0.17 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፣ የትንሽነት ሪከርዱም በእሷ ስም ሲጠቀስ ኖሯል። በ1997 ግን ዲኮፖሞርፋ ኤክሜፕቴሪጊስ የምትባል ዝርያ ተገለጸች። ስሟ ከራሷ ይረዝማል። የዚህች ዝርያ ወንዱ ሲለካ 0.139 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይሄኛው የሚማሪዴ ልጅ ነው። ክንፍ የለውም፣ ዓይንም የለውም። ሴቷ በቁመት ትበልጠዋለች፣ ሁለቱንም አሟልታለች። መብረር ከሚችሉት ውስጥ ደግሞ ትንሿ ኪኪኪ ሁና ናት፣ 0.158 ሚሊ ሜትር፣ ሃዋይ የተገኘች፣ እሷም ሚማሪዴ። ስሟ በሃዋይኛ የትንሽነት ቃል ነው አሉ፣ እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ሳቅ ነው የሚሰማኝ።

0.139 ሲባል ቁጥር ብቻ ሆኖ እንዳይቀርብሽ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚዘጋውን አራት ነጥብ ተመልከቺ። ከአራቱ አንዷን ብቻ ምረጪ። ያ ወንድ ተርብ እዚያች ላይ ቢቆም ቦታ ይተርፈዋል። እና ይሄ እግር ያለው፣ አንቴና ያለው፣ ነርቭ ያለው ሙሉ እንስሳ ነው። አንድ ሕዋስ ብቻ ካላቸው ፍጥረታት፣ በማይክሮስኮፕ ከምታዩት ፓራሚሲየም እንኳ፣ ብዙዎቹ ይበልጡታል። አካል እዚህ ድረስ ሲያንስ ምን እንደሚከፈል አሌክሲ ፖሊሎቭ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ በ2012 አሳይቷል። መጋፍራግማን አጥንቶ ያገኘው ወደ 7,400 የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት ነው። ከእነዚያ ውስጥ ኒውክለስ፣ የሕዋሱ እምብርት፣ የቀራቸው ከ400 ያንሳሉ። ተርቧ ጉልምስ ሆና ልትወጣ ስትል የቀሩት ኒውክለሳቸውን ይጥላሉ፣ ቦታ ለመቆጠብ። እንዲያም ሆኖ ትበራለች፣ እንቁላል ፈልጋ ታገኛለች። ጉድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ለምን አንድ ላይ አልሆኑም?

ቤተሰብ፣ በመማሪያ መጽሐፍሽ አስተኔ የሚባለው፣ የሚመሳሰሉ ነገሮች ስብስብ አይደለም። የዘመዳሞች ስብስብ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መንታ ሊመስሉ ይችላሉ፣ የአንድ እናት ልጆችም ፈጽሞ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ትንሽነት ደግሞ በነፍሳት ዓለም አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም። ደጋግሞ፣ በተለያየ ወገን መጥቷል። አካል በጣም ሲያንስ አየሩ ራሱ እንደ ወፍራም ፈሳሽ ስለሚሆን ሰፊ ክንፍ ከጥቅሙ ሸክሙ ይብሳል። ስለዚህ ክንፉ ይጠብና ዙሪያውን ረጃጅም ፀጉር ያወጣል። ሚማሪዴዎች እንዲህ ናቸው፣ መጋፍራግማም እንዲህ ናት፣ ከተርብ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ደቃቅ ጥንዚዛዎችም እንዲሁ። እንዲያውም ከመጋፍራግማዎቹ አንዷ ሚማሪፔኔ ነው ስሟ፣ ሚማር እንደሚባለው የሚማሪዴ ወገን ያለ ክንፍ ያላት እንደማለት። ስሟን ያወጣላት ሰው መመሳሰሉን አይቷል፣ ዘመድ ናቸው ግን አላለም።

ታዲያ ባለሙያው ምን ያያል? ግንባሯን ነው መጀመሪያ የሚያየው። ሚማሪዴ ፊት ላይ በዓይኖቹ መካከል የላቲኑን ኤች ፊደል የመሰለ የጨለመ መስመር አለ፣ አንድ አግዳሚ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ። ሌሎቹ ዘመዶቿ ይህ የላቸውም። ቀጥሎ አንቴናዎቹ ከየት እንደሚነሱ ያያል፣ የሚማሪዴ አንቴና ሥሮች ተራርቀው ወደ ዓይን የተጠጉ ናቸው። የሴቷ አንቴና ጫፍ ላይ እንደ ዱላ የወፈረ ነገር አለ፣ የወንዱ ክር ይመስላል። የኋላ ክንፍ ሥሩ ላይ ቀጥኖ እንደ ዘንግ ይሆናል። ከዚያ የእግር ጫፍ ይቆጠራል። ትሪኮግራማቲዴ እግሯ ጫፍ ላይ ሦስት ቁርጥራጭ ብቻ ነው ያላት፣ ሚማሪዴ አራት ወይም አምስት። አየሽ፣ ጥያቄሽን የሚመልሰው አንድ ቁርጥራጭ ነው።

ይሄ አራት ወይም አምስት የሚለው ነገር ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። በ1961 አኔክ እና ዱት የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የሚማሪዴን ወገኖች፣ ማለትም በቤተሰቡ ሥር ያሉትን የዝርያ ቡድኖች፣ በሙሉ ሲያደራጁ ይህን ቁጥር ትልቅ ቦታ ሰጥተውት ነበር። ለመለየት አመቺ ነው፣ ቆጥረሽ ትጨርሻለሽ። ችግሩ ከአምስት አንዱን መጣል ለተፈጥሮ ቀላል ሥራ ነው፣ ዝምድና የሌላቸውም ለየብቻ ሊጥሉት ይችላሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ ራሱ ጥርት ብሎ የቆመ ሆኖ፣ በውስጡ ማን ከማን ይቀርባል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ለእኔ ይሄ የሚያሳፍር አይደለም፣ ወደ 100 የሚጠጉ ወገኖችና 1,400 ገደማ ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹም ከነጥብ ብዙ የማይበልጡ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ቁጠሪያቸው እስቲ።

የሚወስነው ማን ነው ላልሽው፣ ዳኛ የለም። ስምን በተመለከተ ሕግ አለ፣ የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን የሚያወጣው። ሕጉ የሚለው በአጭሩ ቀድሞ የተሰየመው ስም ያሸንፋል ነው። ለምሳሌ በ1862 እንግሊዛዊው ጆን ሉቦክ ከኩሬ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ክንፏን እንደ መቅዘፊያ እያንቀሳቀሰች የምትዋኝ ተርብ አየ። አዎ፣ ውሃ ውስጥ፣ ለሰዓታት። እንቁላሏን የምትጥለው የውሃ ጥንዚዛ እንቁላል ውስጥ ነው። ሰውየው ተደንቆ አዲስ ስም ሰጣት። ኋላ ሲታይ ግን ፍራንሲስ ዎከር በ1846 ካራፍራክተስ ሲንክተስ ብሎ ሰይሟት ኖሯል፣ የሉቦክ ስም ወደቀ። ስትዋኝ ያየው ሉቦክ፣ ስሙ የቀረው የዎከር። ሚማሪዴ የሚለውም በ1833 አየርላንዳዊው አሌክሳንደር ሃሊዴይ ካቆመው ይነሳል።

ዝምድናን ግን ኮሚሽን አይወስንም። ማስረጃ ያለው ይጽፋል፣ ሌላው ይሞግታል፣ የተሻለው ይጸናል። ይህ የምር ሥራ መሆኑን ለማየት ከሚማሪዴ የተባረሩትን ተመልከቺ። ሚማሮማቲዴ የሚባሉት እነዚህ ተርቦች ደቃቅ ናቸው፣ ክንፋቸው ባለ ፀጉር ነው፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከሚማሪዴ ጋር ተቆጥረው ኖረዋል። ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው ግን ራሳቸው ከኋላ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ነው፣ ወገባቸው ባለ ሁለት አንጓ ነው፣ ግንባራቸው ላይ ያ ኤች የለም። አሁን ለብቻቸው ናቸው፣ ከቤተሰብም አልፎ ከፍ ባለ እርከን። በተቃራኒው ሚማሪዴ በዘር ውርስ ጥናቱም ጸንታለች። ካልሲዶይዲያ በሚባለው ትልቅ የተርብ ጎሳ ውስጥ፣ 22 ሺህ የሚያልፉ የታወቁ ዝርያዎች ባሉበት፣ ቀድማ የተለየችው ቅርንጫፍ እሷ ናት። ይህን ሰምቶ «ጥንታዊ ናት፣ ኋላ ቀር ናት» የሚል አይጠፋም፣ አትስሚው። ቀድሞ ከቤት የወጣ ልጅ ባለበት አይቆምም። ከዚያው ጎሳ ፕቴሮማሊዴ የምትባለው ቤተሰብ ግን አልተረፈችም። ቦታ የጠፋለት ሁሉ የሚወረወርባት ጓዳ ሆና ቆይታ በ2022 ተበተነች፣ ከ20 በላይ ቤተሰቦች ወጡባት። መጽሐፍሽ ከዚያ በፊት የታተመ ከሆነ እዚህ ላይም ያሳስትሻል፣ ከፈተና በፊት እይው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ በደን ሥራ ዕድሜዬን የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። እኛ ጎናቶሴረስ ብለን የተማርነው ተርብ ዛሬ ኮስሞኮሞይዲያ ሆኗል አሉኝ። ነፍሳቱ ያው ነፍሳት፣ ሥራውም ያው ሥራ። ስሙን መቀያየር ለገበሬውም ለደን ሰውም ምን ይፈይዳል? ለእነዚህ ምሁራን እንጀራ ከመሆን ያለፈ ነገር አልታየኝም። (ከአንድ አንጋፋ አንባቢ)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፣ እኔም አንድ ሙሉ የማስታወሻ ደብተር በአሮጌ ስም ሞልቼ አውቃለሁ። የተባለው እውነት ነው። ካናዳዊው ጆን ሁበር በ2015 ከሚማሪዴ ውስጥ ያለውን የጎናቶሴረስን ወገን እንደገና ሲያደራጅ ከፋፈለው፣ ጎናቶሴረስ አሽሚዲ የነበረችው ኮስሞኮሞይዲያ አሽሚዲ ሆነች። እሷ ምን እንደሠራች ላስታውስዎ። በ1999 ታሂቲ ደሴት ላይ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ አንድ የቅጠል ዘላይ ታየ፣ የዛፍ ጭማቂ የሚመጥ፣ የመጠጠውንም ወዲያው በውሃ መልክ የሚረጭ። በሚሊዮን ተራባ። ከዛፍ ሥር የሚያልፍ ሰው ዝናብ የያዘው ይመስል ይረጥብ ነበር፣ ሕዝቡም የምትሸና ዝንብ ብሎ ሰየማት። በ2005 ያቺ ደቃቅ ተርብ ተለቀቀች። በወራት ውስጥ የዘላዩ ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። አንድም ጠብታ መድኃኒት ሳይረጭ።

እዚህ ላይ ስሙ ምንም አልጨመረም ሊሉኝ ነው። ልክ ነዎት። ስሙ ልዩነት የሚያመጣው ነገሩ ሲበላሽ ነው፣ ምሳሌውንም ከእርስዎው ሙያ ላምጣ። ባህር ዛፍ የሚበላ ጎኒፕተረስ የሚባል የነቀዝ ዘመድ ጥንዚዛ ያውቁ ይሆናል፣ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በ1916 ደቡብ አፍሪካ ገባና ቅጠሉን ፈጀው። በ1926 ከአውስትራሊያ አናፌስ ኒተንስ የምትባል የሚማሪዴ ተርብ አመጡ። ጥንዚዛዋ እንቁላሏን በራሷ ኩስ በተሠራ ጠንካራ ሽፋን ውስጥ ትደብቃለች፣ ተርቧ ግን ሽፋኑን በስታ እያንዳንዱ ውስጥ የራሷን ትጥላለች። ከጥንዚዛው ይልቅ ተርብ ይወጣል። ውጤቱ በብዙ ቦታ እጹብ ነበር፣ ዛሬ ድረስም በነፍሳት ተባይን የመቆጣጠር ታሪክ ሲነገር ይጠቀሳል።

ከዚያ ፖርቱጋልና ስፔን ያው ችግር ሲመጣባቸው ያንኑ መፍትሔ ወሰዱ። እዚያ ግን አልሰመረም፣ በተለይ ቀዝቀዝ ባለው ከፍታ። ለምን? ተርቧ ሰነፈች? ብርዱ ነው? የብርዱ ድርሻ እንዳለ ሆኖ ሌላው መልስ በ2012 መጣ። አንድ ዝርያ ነው ተብሎ ጎኒፕተረስ ስኩተላተስ ሲባል የኖረው ጥንዚዛ አንድ አልነበረም፣ እጅግ የሚመሳሰሉ የብዙ ዝርያዎች ስብስብ ነው። የደቡብ አፍሪካው አንድ ዝርያ፣ የፖርቱጋሉ ሌላ። የፖርቱጋሉ አገሩ ታዝማኒያ ነው፣ ተርቧ ደግሞ የመጣችው ከአውስትራሊያ ዋና ምድር። ማለትም ለአንዱ በር የተሠራ ቁልፍ ሌላ በር ላይ ሲሞከር ነበር። ዝርያው ሲለይ ተመራማሪዎች የት መፈለግ እንዳለባቸው አወቁ፣ ወደ ታዝማኒያ ሄደው አናፌስ ኢንኤክስፔክታተስ የተባለችውን እህቷን መፈተሽ ጀመሩ። ስንት ዓመት ነው ያለፈው? እንጀራ ነው ላሉት፣ እንጀራነቱን አልክድም፣ ግን ስሙ ቀድሞ ቢለይ ኖሮ ስንት ዛፍ ይተርፍ ነበር።

ከትሪኮግራማቲዴ ቤተሰብ የሆኑት የትሪኮግራማ ተርቦች ላይም ያው ነው የደረሰው። በፋብሪካ እየተባዙ ለእርሻ የሚለቀቁት እነሱ ናቸው። ለረጅም ጊዜ በቀለማቸው ሲለዩ ኖሩ፣ ቀለማቸው ደግሞ እንደ ሙቀቱ የሚቀያየር ነው። ኋላ በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ መለየት ሲጀመር የቀድሞ ጽሑፎች ውስጥ የትኛዋ ተርብ እንደተለቀቀች እርግጠኛ መሆን አልተቻለም። የተለቀቀው ተለቋል፣ የተጻፈው ተጽፏል፣ ማን እንደነበረች ግን አይታወቅም። በነገራችን ላይ አሮጌ ደብተርዎን አይጣሉት። አዲሱን ስም ከአሮጌው ጎን በእርሳስ ይጻፉበት፣ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

ጥያቄ፦ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ይህቺ የምትለን ተርብ ትናደፋለች? ጆሮ ውስጥስ ትገባለች? በጣም ነው ያስፈራኸኝ። (የልጆች እናት)

መልስ፦ እናት ዓለም፣ ተረጋጊ። አትናደፍም። ጅራቷ ላይ ያለው መርፌ የሌላ ነፍሳት እንቁላል ለመብሳት የተሠራ ነው፣ የሰው ቆዳ ለእሷ ግድግዳ ነው። ልጆችሽ ላይ ብታርፍም አያውቋትም፣ አንቺም አታይያትም። የምትኖረውም ለጥቂት ቀናት ነው። ሌላ እንቁላል ውስጥ የምታድግ ጥገኛ መሆኗ ይሆናል ያስፈራሽ። ጥገኛ ሲባል ቁንጫና መዥገር ይታየናል፣ እነሱ ደም ይመጥጣሉ እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድሉም። የተርቧ ዕጭ ግን ያደረችበትን እንቁላል ጨርሳ ትበላለች፣ ከውስጡ የሚወጣው እሷ ብቻ ናት። እኔ ገዳይ ጥገኛ እላታለሁ። ገዳይነቷ ግን ለነፍሳት ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶ አይበቃኝም፣ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ይቻላል? (የማያምን)

መልስ፦ ይቻላል፣ ብዙም ወጪ የለውም። ቢጫ ሳህን ፈልግ። ቢጫ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፣ ብዙ ነፍሳት ቢጫ ሲያዩ ቅጠል መስሏቸው ይመጣሉ። ውሃ ጨምርበትና አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጣል። ሳሙናው ከሌለ እነዚህ ተርቦች ውሃው ላይ እንደ ወለል ይቆማሉ፣ ሳሙናው የውሃውን ቆዳ ያላላዋል። ሣር ውስጥ መሬት ላይ አስቀምጠውና ለአንድ ቀን ተወው።

ማታ ሳህኑን በቀጭን ጨርቅ አጥልለው። ዝንብ ታገኛለህ፣ ጉንዳን ታገኛለህ፣ እነሱን ለይ። ከሥር የቀረችውን አቧራ የመሰለች ነገር ነው የምንፈልገው። በአልኮል ጠብታ ላይ አድርጋት፣ አየር ላይ እንዳታደርቃት። ይሄን እኔ በቅጣት ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዎቹን ያገኘኋቸውን ወረቀት ላይ አድርጌ አደርኩ፣ ጠዋት ስነሳ እንደ ተጨመቀ ከረጢት ተጨማደው ግንባራቸውም ክንፋቸውም አይለይም። ሠላሳ የሚሆኑ ነበሩ።

የእጅ ማጉያ መነጽር ክንፏን ሊያሳይህ ይችላል፣ ዳሩን የከበበው ፀጉር እንደ ላባ ይታያል። የእግሯን ቁርጥራጭ ለመቁጠር ግን ማይክሮስኮፕ ያስፈልግሃል፣ ባለሙያዎቹም አካሏን ገነጣጥለው መስተዋት ላይ በዛፍ ሙጫ አጣብቀው ነው የሚቆጥሩት። አንተ መገነጣጠሉ ውስጥ አትግባ። ከላይ በደንብ ብርሃን ስጣትና ፊቷን ወደ አንተ አዙራት፣ በቀጭን የቀለም ብሩሽ ፀጉር ቀስ ብለህ። ዓይኖቿ ቀይ ወይም ጥቁር ሆነው ይታያሉ። በመካከላቸው ኤች ካየህ አገኘሃት። ካላየህ የእግሯን ጫፍ ቁጠርና ጻፍልኝ፣ ሦስት ከሆነ የማን ልጅ እንደሆነች ካሁን በኋላ ታውቃለህ።